ሰው የሌለበት ኢንተርቪው፦ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፣ ስሟንም አውጥቻለሁ።

"ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጨርሼ አሁን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ፋይናንስ እየተማርኩ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ዲሲ ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነኝ። ለሚቀጥለው ሰመር ኢንተርንሺፕ አንድ ትልቅ ባንክ አፕላይ አድርጌ የሃየርቩ፣ ያው ሰው ሳይኖር ለካሜራ መልስ የሚቀዳበት የቪዲዮ ኢንተርቪው፣ ሊንክ ላኩልኝ፣ 5 ቀን ሰጥተውኛል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር፣ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ሰከንዱ ወደታች መቁጠር ጀመረ፣ እኔ ደርቄ ቀረሁ፣ በመጨረሻ ሶሪ ብዬ ዘጋሁት። ጓደኞቼ ኮምፒውተሩ ፊትሽን እያየ ማርክ ይሰጣል ይሉኛል፣ አክሰንቴም ያሳስበኛል። ቻትጂፒቲ መልሱን ጽፎልኝ ከስክሪን ላይ ባነብስ? ደግሞ ምን ብዬ ላውራ፣ የፋይናንስ ልምድ የለኝም፣ ጋራዥ ውስጥ ብር ከመቀበልና ሂሳብ ጎደለ ሲባል ከመጨቃጨቅ በቀር። አንዴ እንደውም በየሳምንቱ ወደ 300 ዶላር እየጎደለ እኛን ሲጠረጥሩን፣ ሆቴሉ ለእንግዶቹ የሚመታላቸው የነፃ ማህተም ሲስተም ውስጥ እየገባ እንዳልነበር ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ግን ይሄ ለባንክ ምን ያደርግለታል። ቤታችን ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ እናቴና ሁለት ወንድሞቼ አሉ፣ ፀጥታ የሚባል ነገር የለም። ምን ይመክሩኛል?"

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩትና ሁለተኛው ላይ ሳቄ መጣ፣ ባንቺ አይደለም፣ "የፋይናንስ ልምድ የለኝም" ብለሽ ነጥብ ካደረግሽ በኋላ እዛው ስር ስንት አመልካች ተፈልጎ የሚያጣውን ታሪክ እንደ ስሞታ ጣል አድርገሽው ስላለፍሽ ነው። እሱጋ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ያስፈራሽን ነገር ከመንገድ ላይ እናንሳው።

ፊትሽን የሚያየው ኮምፒውተር ነገር ከሰማይ የወረደ ወሬ አይደለም፣ መነሻ አለው። ሃየርቩ ዩታ ውስጥ በፈረንጆቹ 2004 የተመሰረተ ኩባንያ ነው፣ የአመልካቹን የፊት እንቅስቃሴ የሚመዝን ሶፍትዌር የነበረው ጊዜም ነበር። በ2019 ኤፒክ የሚባለው ዲሲ ያለው የፕራይቬሲ ተሟጋች ድርጅት ለፌደራል የንግድ ኮሚሽን አቤቱታ አስገባበት፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ የፊት ትንተናውን እንዳቆመ ተናገረ። ያንቺዋ ሜሪላንድም ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ቀጣሪ በኢንተርቪው ሰአት ፌሻል ሪኮግኒሽን ለመጠቀም በጽሁፍ ፈቃድሽን ማግኘት አለበት የሚል ህግ አላት፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ኮንሰንት የሚል ገፅ ከመጣ ዝም ብለሽ አክሴፕት አትበይ፣ አንብቢው። አሁንም ሶፍትዌር የሚያስመዝኑ ቀጣሪዎች የሉም እያልኩሽ አይደለም፣ አሉ፣ ግን የሚመዘነው ያልሽው ነገር ነው፣ ድምፅሽ ወደ ጽሁፍ ይቀየርና ቃላቱ ይታያሉ። ብዙ ቦታ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ነው። እኔ ራሴ ባንክ በነበርኩ ጊዜ ከሚያዩት አንዱ ነበርኩ፣ እና ልንገርሽ፣ የሚያይሽ ሰው ምሳውን ላፕቶፑ ፊት እየበላ አስራ ምናምነኛውን ቪዲዮ የሚከፍት፣ ከፊቱ ያሉት ሁሉ "አይ አም ፓሽኔት አባውት ፋይናንስ" ብለው የጀመሩበት፣ የደከመው ሰው ነው። እሱን ነው ማሰብ ያለብሽ። ያ ሰው ሊጥልሽ አይደለም የተቀመጠው፣ እንደውም አንድ የሚያነቃው ሰው ቢመጣለት ደስ ነው የሚለው።

አክሰንትን በተመለከተ፣ ዎል ስትሪት ህንዱም ቻይናውም ብራዚሉም በየራሱ አክሰንት የሚሰራበት ቦታ ነው፣ እዛ ላይ እንቅልፍ አትጪ። አክሰንትሽን ለመደበቅ ብለሽ ስትፈጥኚ ግን ችግር ይመጣል። ቀስ በይ፣ የቃሉን መጨረሻ አትዋጪው፣ ቁጥር ስትናገሪ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ ከተምታታ ለሰውም ለሶፍትዌሩም የተለያየ ታሪክ ነው የሚሆነው።

ቻትጂፒቲ ጽፎልኝ ላንብብ ላልሽው፣ አይሆንም። ስነምግባሩን ትቼው (እሱም አለ፣ የተላከልሽን መመሪያ አንብቢ፣ ይሄንን በግልፅ የሚከለክሉ አሉ) በቀላሉ ስለሚታወቅ ነው። የሚያነብ ሰው አይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል ይመለሳል፣ ድምፁ አንድ አይነት ይሆናል፣ መተንፈስ ያለበት ቦታ አይተነፍስም። ደግሞ መልሱ የሁሉም ሰው መልስ ነው የሚሆነው፣ የሆቴሉን ማህተም ታሪክ ቻትጂፒቲ አያውቀውም። ለልምምድ ጥያቄ እንዲያወጣልሽ ከፈለግሽ ግን ተጠቀሚበት፣ እዛ ላይ ጎበዝ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የኛ ሰው ኢንተርቪው ላይ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እውቀት ማነስ አይደለም፣ አስተዳደጋችን ነው። ትልቅ ሰው ፊት አይንሽን ዝቅ አድርጊ፣ ብዙ አታውሪ፣ ራስሽን አታወድሺ፣ የሰራሽውን ሌላ ሰው ይናገርልሽ እየተባልን ነው ያደግነው፣ በእኔ ፈንታ "እኛ" ማለትም ጨዋነት ነው። ቤት ውስጥ ያምራል። ካሜራ ፊት ግን ያ ሁሉ ጨዋነት "ምንም አልሰራችም" ተብሎ ነው የሚተረጎመው፣ ምክንያቱም ሪክሩተሩ (ለባንኩ ሰው የሚመለምለው) መልሶ "እሺ፣ አንቺስ ምን አደረግሽ?" ብሎ የሚጠይቅበት እድል የለውም። ሰው ፊት ለፊት ቢሆን ይጠይቅሽና ያወጣብሽ ነበር፣ ቪዲዮው አያወጣብሽም፣ ያልተናገርሽው ነገር እንዳልተሰራ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላሉ፣ እኛ ግን ተረቱን እንጀራ ላይ እንጂ ወሬ ላይ አንሰራበትም፣ ስለራሳችን ስናወራ የምንቆርሰው ጉርሻ አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያ ስራሽ ይሄ ነው፣ ታሪክሽን በእንግሊዝኛ ስትናገሪ "ዊ" (እኛ) ያልሽበትን ቦታ ሁሉ አይተሽ፣ በእውነት አንቺ የሰራሽው ከሆነ "አይ" (እኔ) አድርጊው። አልዋሽም ካልሽ ጥሩ፣ ማንም ዋሺ አላለሽም።

አሁን የጋራዡን ታሪክ እንየው። እንዲህ ተናገሪው (በእንግሊዝኛ ነው ያው የምትይው፣ እኔ አካሄዱን ላሳይሽ ነው)፦ ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ሽፍት ሲያልቅ በእጅ ያለውን ብር ከቲኬት ሪፖርቱ ጋር ማስታረቅ የኔ ስራ ነው። የሆነ ጊዜ በየሳምንቱ ወደ 300 ዶላር መጉደል ጀመረና ካሸሮቹ ተጠረጠርን። እኔ የቲኬት ሪፖርቱንና የካሽ ሪፖርቱን ጎን ለጎን አድርጌ በቀን በቀን አየሁት (በእውነት ያደረግሽውን ነው የምትይው፣ እኔ እየገመትኩ ነው)፣ ጉድለቱ የሚበዛው ሆቴሉ እንግዳ በሚበዛበት ቀን እንደሆነ አገኘሁ፣ ማህተም የተመታባቸው ቲኬቶች ሲስተም ውስጥ እንደ ተከፈለ ይቆጠሩ ነበር፣ ለማኔጀሩ በወረቀት አሳየሁት፣ ከዛ በኋላ እነዚህ ቲኬቶች ለብቻ መመዝገብ ጀመሩ፣ ጉድለቱ ቆመ። አለቀ። ይሄ ሪኮንሲሊየሽን (ሂሳብ ማስታረቅ) ነው፣ ይሄ ኢንተርናል ኮንትሮል (የውስጥ ቁጥጥር) ነው፣ ባንክ ውስጥ ኦፕሬሽንስ፣ ሪስክ፣ ኦዲት የሚባሉት ዲፓርትመንቶች በትልቁ የሚሰሩት እንዲህ አይነት ነገር ነው። ደግሞ አንድ ታሪክ ብቻውን ስንት ጥያቄ ይመልሳል መሰለሽ፣ "ችግር የፈታሽበት ጊዜ" ሲሉ ይሄው፣ "ጫና ውስጥ የሰራሽበት" ሲሉ ይሄው (ተጠርጥራችሁ ነበራ)፣ "ከአለቃሽ ጋር ያልተስማማሽበት" ሲሉም ይሄው፣ አፅንኦት የምትሰጪበትን ቦታ ብቻ ነው የምትቀይሪው። ግን ሶስቱንም ጥያቄ በሱ አትመልሺ፣ ሌላ ሁለት ሶስት ታሪክ ያዢ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ግሩፕ ፕሮጀክት፣ አንዱ ያልተሳካልሽ ነገር ይሁን። ስለ ውድቀት ሲጠይቁሽ "በጣም ጠንቅቄ መስራቴ ነው ችግሬ" የሚለውን አትበይ፣ ያንን ሰው ሁሉ ብሎት ብሎት ተሰልችቷል።

ታሪኮቹን በቃልሽ አታጥኚያቸው። በቃል ያጠናሽው መልስ አንድ ቃል ሲጠፋሽ ሁሉም ይጠፋል፣ ባለፈው የደረቅሽውም እንደዛ ይመስለኛል። ከዛ ይልቅ ለእያንዳንዱ ታሪክ አራት ቃል ብቻ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ "300 - ሁለት ሪፖርት - ሆቴል - ቆመ"፣ በቃ። ጥያቄው ወጥቶ ለማሰብ 30 ሰከንድ አካባቢ ነው ብዙ ጊዜ የሚሰጡት፣ በዛ ሰአት አረፍተነገር አትገንቢ፣ የትኛው ታሪክ እንደሆነ ምረጪና የመጀመሪያውን አረፍተነገር ብቻ አስቢ። መልሱ 2 ደቂቃ ወይ 3 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ የተሰጠሽን ሁሉ መሙላት ግዴታ የለብሽም፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ላይ ጥሩ አድርገሽ ከጨረስሽ አቁሚ። ረጋ ብሎ በሚወራ እንግሊዝኛ 2 ደቂቃ ማለት ከ250 እስከ 300 ቃል ነው፣ ያ ማለት ስለ ጋራዡ አከራይና ስለ መንገዱ መዘጋት ማውራት አትችይም ማለት ነው። መሀል ላይ ቢጠፋሽ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ዝም በይ፣ "ሌት ሚ ስታርት ዛት አጌን" በይና ቀጥይ፣ ይሄ አያስጥልም፣ የሚያስጥለው ሶሪ ብሎ መዝጋት ነው። ድጋሚ መቅዳት የሚፈቅዱ አሉ፣ የማይፈቅዱም አሉ፣ መመሪያው ላይ ይጻፋል፣ ቢፈቀድልሽም የምር ካልተበላሸ አትድገሚው፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው የሚሆነው።

"ለምን የኛን ባንክ መረጥሽ" የሚለው በእርግጠኝነት ይመጣል፣ እዛ ላይ "ግሎባል ሊደር ስለሆናችሁ" ካልሽ ስሙን ቀይሮ ለሌላ ባንክ መላክ የሚቻል መልስ ነው። ያመለከትሽበትን ዲቪዥን አይተሽ ምን እንደሚሰራ በራስሽ አነጋገር መናገር ቻይ፣ ሊንክድኢን ላይ ካንቺ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ እዛ የሚሰራ ሰው ካገኘሽ በ15 ደቂቃ ስልክ ያንን ማወቅ ትችያለሽ፣ ሀበሻም ከሆነ እሰየው፣ ጠይቂው፣ አትፈሪ፣ አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ገበያ ላይ ምን እየተከታተልሽ ነው ካሉሽ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ በደንብ እወቂ። ሁሉም ስለ ፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ነው የሚያወራው፣ ወለዱን ከማርች 2022 ጀምሮ ከዜሮ አጠገብ አንስተው በጁላይ 2023 5.25 እስከ 5.50 ፐርሰንት አደረሱት፣ በሴፕቴምበር 2024 መቀነስ ጀመሩ፣ ይሄንን ማወቅ አለብሽ፣ ካለሽበት ቀን ያለውንም ጨምረሽ። ግን አንቺ ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። በጁላይ 2024 መጨረሻ ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቀው፣ በዛው ሰሞን አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ሲያፀድቅ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ ዘመድ ጋ ገንዘብ የምንልክ ሁላችን በየቤታችን ስንት ነው የባንኩ ስንት ነው የጥቁሩ ስንል ነበር። እናትሽም ሳይሉ አልቀሩም። ይሄንን ኦፊሺያል ሬትና ፓራለል ማርኬት እንዴት እንደተራራቁ፣ ሬሚታንስ በየት በኩል እንደሚገባ፣ አስመጪው ላይ ምን እንደመጣ በአንድ ደቂቃ ማስረዳት ከቻልሽ የኤፍኤክስ (የውጭ ምንዛሪ) ገበያን ከመፅሀፍ ሳይሆን ከኑሮ የምታውቂ ሰው ነሽ ማለት ነው። የደከመው ሰውዬ እዛ ላይ ነው ቀና የሚለው።

ቴክኒካል ጥያቄ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ እንደ ዲቪዥኑ ነው። ኢንቨስትመንት ባንኪንግ ከሆነ ቢያንስ ሶስቱ ፋይናንሺያል ስቴትመንቶች (የትርፍና ኪሳራ፣ የካሽ እንቅስቃሴ፣ የሀብትና እዳ መግለጫዎች) እንዴት እንደሚያያዙ፣ ኢንተርፕራይዝ ቫሊዩ (የኩባንያው ጠቅላላ ዋጋ፣ ከነእዳው) ምን እንደሆነ፣ ዲሲኤፍ (ወደፊት የሚገባን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚለውጥ ስሌት) በጥቅሉ እንዴት እንደሚሰራ ጮክ ብለሽ ማስረዳት ቻይ። የታወቀችዋን ጥያቄ ልስጥሽ፣ ዲፕሪሲየሽን (ንብረት ሲያረጅ የሚቀነሰው ዋጋ) በ10 ዶላር ቢጨምር ምን ይሆናል? ታክሱ 20 ፐርሰንት ነው እንበል። ኢንካም ስቴትመንት ላይ ከታክስ በፊት ያለው ትርፍ በ10 ይቀንሳል፣ ታክሱ በ2 ስለሚቀንስ ኔት ኢንካም (የተጣራው ትርፍ) በ8 ነው የሚወርደው። ካሽ ፍሎው ላይ ከዛ 8 ቅናሽ ትጀምሪና ዲፕሪሲየሽን ከኪስ የወጣ ብር ስላልሆነ 10ሩን ትመልሺያለሽ፣ ካሽ በ2 ይጨምራል። ባላንስ ሺት ላይ ካሽ በ2 ጨመረ፣ ንብረቱ 10 ወረደ፣ ጠቅላላ አሴት 8 ወረደ፣ በሌላኛው በኩል ሪቴይንድ ኧርኒንግስ (ኩባንያው ውስጥ የቀረው ትርፍ) 8 ወረደ፣ ተመጣጠነ። ወረቀት ላይ ለሚሰራው ሰው ቀላል ነች፣ ካሜራ እያዩ ለመናገር ግን አፍ ይለምዳት ዘንድ አውቶቡስ ስትጠብቂም በያት።

ክፍሉን በተመለከተ፣ እቤት አትሞክሪው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይብረሪዎች የስተዲ ክፍል አላቸው፣ ቀድመሽ ሪዘርቭ አድርጊ፣ ዩኒቨርሲቲሽም ካሪየር ሴንተር አለው፣ ለኢንተርቪው የሚሆን ክፍል ካላቸው ጠይቂያቸው፣ ክፍያውን ከፍለሽበት የለ። መኪና ውስጥ ሆነው የሚቀዱ አሉ፣ እኔ አልወደውም። መብራት ላይ አንድ የኛን ሰው የሚመለከት ነገር ልንገርሽ፣ መስኮት ከኋላሽ ከሆነ ወይ ግድግዳው በጣም ነጭና ብሩህ ከሆነ ካሜራው ራሱን ለብርሃኑ ያስተካክልና የኛ የጠቆረ ፊት ጥላ ይሆናል፣ አይን ብቻ ነው የሚታየው። ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪ፣ ከኋላሽ ፈዘዝ ያለ ግድግዳ ይሁን። ላፕቶፑን መፅሀፍ ላይ ደርድረሽ ካሜራው ከአይንሽ እኩል ይምጣ። የምታወሪው ለሌንሱ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ላለው ለራስሽ ፊት አይደለም፣ ራስሽን ማየት ካላቆምሽ ስክሪኑ ላይ ምስልሽ ያለበት ቦታ ላይ ስቲኪ ኖት ለጥፊበት። አይንን ዝቅ ማድረግ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፣ እና ልምምድ ላይ እናትሽን ተጠቀሚባቸው። እንግሊዝኛ ባይችሉም ምንም አይደል፣ በስልክ የቀዳሽውን ድምፁን አጥፍተሽ አሳዪያቸው፣ የት ላይ እንደፈራሽ፣ የት ላይ ፊትሽ እንደጠቆረ ከማንም ሪክሩተር በላይ ይነግሩሻል። ቀጥሎ አንቺ ራስሽ ምስሉን ሳታይ ድምፁን ብቻ ስሚው፣ "ኣም" እና "ላይክ" ስንት ጊዜ እንዳልሽ ያኔ ይገባሻል። ልብስ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ጃኬት ካለሽ በቂ ነው፣ የጆሮ ጌጥሽ እንዳይንኳኳ።

5ቱን ቀን እንዲህ ብትጠቀሚበት እላለሁ። ዛሬና ነገ ታሪኮቹን አውጪ፣ በስልክሽ ቅጂ፣ ሃየርቩ ራሱ የሚሰጥሽን የልምምድ ጥያቄ ሞክሪ፣ እሱ አይቆጠርም። ሶስተኛው ወይ አራተኛው ቀን ላይ፣ ጋራዥ ካደርሽበት ማግስት ሳይሆን ተኝተሽ ባደርሽበት ጠዋት፣ ጨርሺው። ብዙ ባንኮች እንደ አመጣጡ እያዩ ቦታ ስለሚሞሉ መጨረሻው ሰአት ላይ አትንጠልጠይ፣ ደግሞ ዴድላይኑ በየትኛው ታይም ዞን እንደሆነ እይ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ስክሪንሹት አንሺና ወዲያው ለቴክ ሳፖርታቸውም ለሪክሩተሩም ኢሜይል ጻፊ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ሶስት መስመር። የንግግር ወይ የጤና ጉዳይ ኖሮሽ ተጨማሪ ጊዜ የሚያስፈልግሽ ከሆነም ከመጀመርሽ በፊት ጠይቂ፣ በህግ የተፈቀደ ነው፣ ማፈር አያስፈልግም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጎልድማን ሳክስ በ2016 ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዙር ከካምፓስ አውጥቶ ወደ ቪዲዮ ሲያዞር ከሰጡት ምክንያት አንዱ እነሱ በአካል የማይሄዱባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችንም ለማየት ነው የሚል ነበር። ይሄ ሰው የሌለበት ኢንተርቪው ቀዝቃዛ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም አልወደውም፣ ግን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመጣ ሰው በሩን ትንሽ ከፈት ያደረገ ነገርም ነው። ደግሞ አንድ ባንክ ላይ ብቻ ተስፋሽን አትጣይ፣ ካፒታል ዋን የሚባለው ባንክና የቤት ብድር ኩባንያው ፍሬዲ ማክ እዛው ሰፈራችሁ ቨርጂኒያ ናቸው፣ ሌላው የቤት ብድር ኩባንያ ፋኒ ሜ ዲሲ ነው፣ ኒውዮርክ መሄድ ሳያስፈልግሽ። ይሄኛውን ሰብሚት ባደረግሽ ማግስት፣ ታሪኮቹ ከአፍሽ ሳይጠፉ፣ ለነሱም አፕላይ አድርጊ።